«አባቷ ገዛላት» ወይስ ጻፈችው? ቴይለር ስዊፍት በናሽቪል፣ ከ2003 እስከ 2008

ስድስት_አውታር (ክሩን የከፈተ)

በሌላ ክር ላይ «አባቷ ሀብታም ስለሆነ ድርጅት ገዝቶ ዘፋኝ አደረጋት» የሚል አስተያየት ተደጋግሞ ስላየሁ ጉዳዩን ለብቻው ልክፈተው። ስለ ስታዲየም ኮንሰርቶቿና ስለ ፖፕ ዘመኗ እዚህ አናነሳም። ካንትሪ ዘፋኝ ሆና ስለተነሳችበት ጊዜ ብቻ እናውራ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ እንዲሆነን ቅደም ተከተሉ ይኸው። ዲሴምበር 13 ቀን 1989 ፔንሲልቬኒያ ተወለደች። በ11 ዓመቷ ከእናቷ ጋር ናሽቪል ሄዳ የሌሎችን ዘፈን በካራኦኬ የዘፈነችበትን ሲዲ ሚዩዚክ ሮው በሚባለው የሙዚቃ ድርጅቶች ሰፈር በር ለበር አደለች። ማንም አልጠራትም። በ12 ዓመቷ ጊታርም መጻፍም ጀመረች። በ13 ዓመቷ አርሲኤ ከሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ድርጅት ጋር «ዴቨሎፕመንት ዲል» የሚሉትን ውል ያዘች። 14 ሲሞላት ቤተሰቡ ናሽቪል አጠገብ ወዳለችው ሄንደርሰንቪል ተዛወረ። በዚያው ዕድሜ ሶኒ/ኤቲቪ የተባለው አሳታሚ (የዘፈን ጽሑፍ መብት የሚያስተዳድር ድርጅት) በዘፈን ጸሐፊነት አስፈረማት፤ ድርጅቱ እስከዚያ ካስፈረማቸው ሁሉ ትንሿ እሷ ነበረች። ከዚያ ከአርሲኤ ወጣች። ብሉበርድ ካፌ ስትጫወት የሌላ ሙዚቃ ድርጅት ሰው የነበረው ስኮት ቦርቼታ አያት፣ በ2005 የራሱን ድርጅት ቢግ ማሺን ሪከርድስን ሲያቋቁም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ሆነች። ጁን 19 ቀን 2006 የመጀመሪያዋ ነጠላ ዜማ ወጣ፣ ኦክቶበር 24 አልበሙ ተከተለ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ከዚህ ሰንሰለት የቷ ቀለበት ብትበጠስ ነው ሁሉም ነገር የሚቀረው? የእኔ መልስ፦ ከአርሲኤ መውጣቷ።


ኖለንስቪል_መንገድ

እስማማለሁ፤ ግን ብዙ ሰው «ዴቨሎፕመንት ዲል» ሲባል አልበም የሚያወጣ ውል ይመስለዋል። አይደለም። ድርጅቱ ጥቂት ገንዘብ ይሰጥሃል፣ የዲሞ (ለሙከራ የሚቀዳ ዘፈን) ወጪ ይሸፍናል፣ እያየህ ይቆያል። አልበም የማውጣት ግዴታ የለበትም። ጊዜው ሲያልቅ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ ሙሉ ውል ይሰጥሃል፣ ያሰናብትሃል፣ ወይም «ትንሽ ቆይ» ብሎ ያራዝምልሃል። አደገኛዋ ሦስተኛዋ ናት። ያራዘመልህ ሰው ሌላ ቦታ እንዳትሄድ አስሮህ ነው የሚያስጠብቅህ።

እሷን ያሉት 18 ዓመት እስኪሞላሽ ቆዪ ነው። በወቅቱ የሬዲዮ ስሌት ሲታይ ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። የካንትሪ ጣቢያ ማስታወቂያ የሚሸጠው ከ25 እስከ 54 ዓመት ላለ አድማጭ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤት ኮሪደር የሚዘፈን ዘፈን ለማን ይሸጣል? ግን ዘፈኖቹ ስለ 9ኛ ክፍል ነበሩ። የ9ኛ ክፍል ዘፈን በ18 ዓመት ሲወጣ የትዝታ ዘፈን ይሆናል። ያኔ አዲስ መጻፍ አለባት፣ አራት ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ሶኒ/ኤቲቪ የያዘው ጽሑፏን ነው፣ አርሲኤ ደግሞ ድምጿን። ሁለቱ የተለያዩ ውሎች ናቸው። ከአርሲኤ ስትወጣ የጽሑፍ ውሏ አልተነካም። ባዶ እጇን ነው የወጣችው የሚለው ወሬ ውሃ አይቋጥርም።


ጋሼ_ካሴት

ልጆች፣ እኛ የምናውቀው ካንትሪ ጂም ሪቭስ፣ ዶን ዊሊያምስ፣ ኬኒ ሮጀርስ ነው። ይችን ልጅ ዘግይተን ነው የሰማናት። እስቲ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ፦ አባትየው በድርጅቱ ድርሻ ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም?


ሂሳብ_ሹም (ለጋሼ_ካሴት)

ነበራቸው፣ ጋሼ። 3 በመቶ። ሦስት እንጂ ሠላሳ አይደለም። ሰውየው ሜሪል ሊንች ውስጥ የአክሲዮን አገናኝ ነበሩ፣ ገና ከተቋቋመው ድርጅት ትንሽ ድርሻ ገዙ። ዋናው ባለቤት ቦርቼታ ነበር።

ገንዘቡ የገዛውን መካድ ነውር ነው። ቤተሰቡ ክፍለ ሀገር ቀይሮ እንዲሰፍር አድርጓል፣ ጊታርና የዲሞ ወጪ ሸፍኗል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናትየውን ጊዜ ገዝቷል። እናቷ ለወራት ከሬዲዮ ጣቢያ ሬዲዮ ጣቢያ አብራት ስትነዳ ነበር። የአብዛኛው ልጅ እናት ሥራ ላይ ነች። እኔ ትልቁ የሀብት ጥቅም ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ስለ 3 በመቶው ብቻ የሚያወራ ሰው ዋናውን ስቷል።

ያልገዛው ደግሞ አለ። አንድ የካንትሪ ጣቢያ ዘፈን እንዲያጫውት በድብቅ ገንዘብ መስጠት በአሜሪካ ወንጀል ነው፣ «ፔዮላ» ይሉታል። በዚያ ላይ አዲሱ ድርጅት ከጀርባው ትልልቅ ዘፋኞች አልነበሩትም። ትልቁ ድርጅት «የኔን አዲስ ዘፋኝ ካጫወትክ ትልቁን ኮከቤን ለጣቢያህ ኮንሰርት አመጣልሃለሁ» ማለት ይችላል። ቦርቼታ የሚያመጣው ኮከብ ገና አልነበረውም።


ጆሮ_ያለው

ድርሻው 3 በመቶም ይሁን 30፣ ዘፈኖቹን የጻፈችላት ሊዝ ሮዝ የምትባል የናሽቪል ዘፈን ጸሐፊ ነች። ይህን የማይነግሯችሁ ለምንድን ነው?


ስድስት_አውታር (ለጆሮ_ያለው)

ወንድሜ፣ ክሬዲቱ ሲዲው ላይ አለ፤ ቁጠረው። የመጀመሪያው አልበም 11 ዘፈን ነው። 7ቱ ከሊዝ ሮዝ ጋር ነው፤ ከነዚህ አንዱ ሦስተኛ ጸሐፊ አለው። 1 ዘፈን ከሮበርት ኤሊስ ኦራልና ከአንጄሎ ፔትራግሊያ ጋር። 3ቱን ብቻዋን ጽፋለች። ከሦስቱ አንዱ «አወር ሶንግ» ነው፤ 9ኛ ክፍል ሳለች ለትምህርት ቤት የተሰጥኦ ዝግጅት የጻፈችው። በቢልቦርድ የካንትሪ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 6 ሳምንት አንደኛ የቆየው እሱ ነው፣ ሊዝ ሮዝ የሌለችበት። በ2010 ደግሞ «ስፒክ ናው» የሚለውን አልበም 14ቱንም ዘፈን ብቻዋን ጽፋ አወጣች፤ ይህን ያንተን ጥያቄ የሚጠይቁት ያኔም ብዙ ነበሩና።

ሊዝ ሮዝ የሠራችው ምንድን ነው? ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጡ ነበር። ሮዝ ራሷ ሥራዋን ከአርታኢ ሥራ ጋር ነው ያመሳሰለችው። ልጅቷ የቀኑን ነገር ይዛ ትመጣለች፣ ግማሽ አዝማች ይኖራታል፣ ሮዝ የተንዛዛውን ትቆርጣለች። ሥራው ቀላል አይደለም። ግን «ጻፈችላት» ሌላ ቃል ነው።


የቅንብር_ሰው

ወደ ክፍሉ ውስጥ እንግባ፣ ከውጭ ሆነን ማውራት ይበቃል።

ናሽቪል ውስጥ «ኮ-ራይት» ማለት ቀጠሮ ነው፣ እንደ ጥርስ ሐኪም። ብዙውን ጊዜ ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ለተማሪ ሲሆን ከሰዓት። ሁለት ወይም ሦስት ሰው፣ ጊታር፣ ደብተር፣ የሚቀዳ ነገር። የከተማው ልማድ እኩል መካፈል ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ከሆናችሁ 50–50፣ ሦስት ከሆናችሁ ሲሶ ሲሶ። አንዷ ሃያ ስንኝ፣ ሌላዋ አንድ ቃል ብታመጣም። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ቃል እየቆጠሩ መጨቃጨቅ የሚያበላሸውን ስላዩ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ድርሻውን በዚያው ቀን ሳይጽፉ ሲለያዩ ነው። ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ ሲወጣ ሁሉም ሰው አዝማቹን እኔ ነኝ ያመጣሁት ይላል።

የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን «ቲም መግሮ»ን እንደ ምሳሌ እንየው። ሐሳቡን ያገኘችው ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ኪው (የዘፈኑ መነሻ ድምፅ) ሲ፣ የኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ዑደቱ አራት ብቻ፦ ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ። ናሽቪል ውስጥ ይህን በፊደል አይጽፉትም፣ በቁጥር ነው፦

1  6-  4  5

ቁጥሩ ኮርዱ ከመነሻው ድምፅ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል፤ አንድ ቁጥር አንድ ባር (የምት ዙር) ነው። ከ6 ቀጥሎ ያለችው ሰረዝ ማይነር ማለት ናት። ሁለት ኮርድ አንድ ባር ውስጥ ከገቡ ከሥራቸው ይሰመርባቸዋል። ቁጥሩ በአልማዝ ቅርጽ ከተከበበ አንዴ መትተህ እስኪጠፋ ትተወዋለህ፤ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው አዝማች በፊት ባንዱ ዝም የሚልባት ቦታ እሷ ናት። ዘዴውን በ1950ዎቹ መጨረሻ የጆርዳኔርስ ድምፃውያን ቡድን አባል የነበረው ኒል ማቲውስ ጀመረው፣ ቻርሊ መኮይ ለስቱዲዮ ሙዚቀኞች አዳረሰው።

ጥቅሙ ኪ ሲቀየር ነው። ዘፋኟ «ከፍ አለብኝ» ካለችና አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ቢ ፍላት ከወረደ፣ ወረቀቱ ያው 1 6- 4 5 ነው፤ ሙዚቀኛው በጭንቅላቱ ቢ ፍላት፣ ጂ ማይነር፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ብሎ ይጫወታል። ማንም እንደገና አይጽፍም። ጊታር የሚመታው ደግሞ ለሲ ካፖውን (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለ ሽቦ) ላይ አስሮ የጂን ቅርጽ መያዝ ይችላል፦ ጂ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ። ቅርጹ ቀላል ነው፣ ድምፁ ሲ ነው።


አዲስ_በገና

@የቅንብር_ሰው የዲሞ ቀረጻ ፍጥነቱ እውነት እንደሚሉት ነው? አንድ ዘፈን በግማሽ ሰዓት?


የቅንብር_ሰው (ለአዲስ_በገና)

ከሞላ ጎደል። የናሽቪል የቀረጻ ክፍለ ጊዜ 3 ሰዓት ነው፤ የተለመዱት መነሻዎች በእነሱ ሰዓት 10፣ 2 እና 6 ናቸው። በአንድ የዲሞ ክፍለ ጊዜ 5 ዘፈን መቅዳት የተለመደ ነው። 180 ደቂቃ ለ5 ሲካፈል 36 ደቂቃ። ሙዚቀኞቹ ጸሐፊው በስልክም በምንም የቀዳውን ድምፅ አንዴ ይሰማሉ፣ መሪው እየሰማ ቁጥሩን ይጽፋል፣ አንዴ ይሞክራሉ፣ ይቀዳሉ።

የሚበላሸው የት ነው? ኪ ላይ። ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በለሆሳስ የጻፈችው ዘፈን ቤቱ (ከአዝማቹ በፊት ያለው ክፍል) በጣም ዝቅ ብሎ ይቀራል። ስቱዲዮ ገብታ አዝማቹን በሙሉ ድምፅ ስትለቀው ያምራል፣ የመጀመሪያው ስንኝ ግን ከበሮ ሥር ይሰምጣል። መፍትሔው ከቀረጻው ቀን በፊት ቆማ፣ ድምፅ አሟሙቃ፣ ዘፈኑን ግማሽ ድምፅ ከፍና ዝቅ አድርጋ ሁለት ጊዜ መሞከር ነው። ሁለተኛው ጥፋት መግቢያው መርዘሙ። ዲሞ የሚሰማ ሰው 15 ሰከንድ ውስጥ የሰው ድምፅ ካልመጣ ይዘልለዋል።

ለነገሩ አቀናባሪዋ ኔታን ቻፕማን የመጣው ከዲሞ ነው። ዲሞዎቿን የሚሠራላት እሱ ነበር፣ ከዚያ በፊት አልበም አዘጋጅቶ አያውቅም። ድርጅቱ ስመ ጥር አቀናባሪዎች ጋር ሞከራት፤ ድምፁ የሷ አልሆን አለ። ወደ ቻፕማን እንመለስ ያለችው እሷ ናት። ይህ ለእኔ ከአርሲኤ ከመውጣቷ አይተናነስም።


ኖለንስቪል_መንገድ

ብሉበርድን ዘለላችሁት። ስሙን የሰማ ሰው ትልቅ ቲያትር ይመስለዋል። ሂልስቦሮ ፓይክ ላይ፣ ከሱቆች ተርታ መሃል ያለች 90 መቀመጫ ያላት ጠባብ ቤት ናት፤ መኪና ማቆሚያዋን ያየ ሰው ያልፋታል። ኤሚ ኩርላንድ በ1982 ከፈተቻት። ጋርዝ ብሩክስም በ1988 ውል ያገኘው እዚያ ተጫውቶ ነው።

ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። «ኢን ዘ ራውንድ» የሚሉት አራት ጸሐፊዎች በክፍሉ መሃል ፊት ለፊት ተቀምጠው በየተራ አንድ አንድ ዘፈን ሲጫወቱ ነው። ታዳሚው ጉልበታቸው ሥር ነው ማለት ይቻላል። በዘፈን መሃል ያወራ ሰው ዝም ይባላል፣ ካልተወ ይወጣል። ጊታርና ድምፅ ብቻ። ከበሮ የሚሸፍነው ድክመት የለም፣ መብራት የሚያድነው የለም። አንድ የድርጅት ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ዘፋኝ ሳይሆን ዘፈን ነው። ለዚህ ነው በ11 ዓመቷ ይዛው የመጣችው ካራኦኬ ያልሠራው፤ ናሽቪል ውስጥ የሌላን ሰው ዘፈን አሳምሮ የሚዘፍን አስተናጋጅ በየሬስቶራንቱ አለ።

ቦርቼታ ያኔ ገና ሌላ ድርጅት ውስጥ ነበር፤ የራሱን ሊከፍት እንዳሰበ ነግሯት፣ ግን ቢሮም ገንዘብም የለኝም ነበር ነገሩ። ጠበቀችው። እንደ ንግድ ካየነው ከአርሲኤ ወጥቶ ስም ወደሌለው ድርጅት መግባት እብደት ይመስላል። ግን አሥራ ሁለት አዲስ ዘፋኝ ካለው ትልቅ ቤት አንድ ዘፋኝ ብቻ ያለው ትንሽ ቤት ስልክ ያነሳልሃል።


ሂሳብ_ሹም

አሁን ሬዲዮ። በ2006 ካንትሪ ማለት ሬዲዮ ነበር። ሂደቱ ይህን ይመስላል፦ ድርጅቱ በየክልሉ የማስተዋወቅ ሠራተኛ አለው። ዘፋኟ ከሱ ጋር እየዞረች በየጣቢያው የስብሰባ ክፍል ውስጥ ለፕሮግራም ኃላፊውና ለሠራተኞቹ 2 ወይም 3 ዘፈን በጊታር ትጫወታለች፣ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ የጣቢያውን ማስታወቂያ በድምፅዋ ትቀዳለች፣ ትሄዳለች። በነጋታው ሌላ ከተማ። እሷ ይህን ለ6 ወር ያህል አድርጋዋለች። ሲዲዎቹን ራሷና እናቷ በፖስታ እያሸጉ ይልኩ ነበር።

ለካንትሪ ነጠላ ዜማ ከወጣበት ቀን እስከ ጫፉ ድረስ ወራት መፍጀቱ ያለ ነው። ችግሩ ጣቢያዎች አንድ ላይ አለመጀመራቸው ነው፤ አንዱ ዘፈኑን ሲያነሳ ሌላው አስቀድሞ ከጣለው ሰንጠረዡ ላይ አይታይም። ስለዚህ የማስተዋወቁ ሥራ ዘፈን ማስወደድ ብቻ ሳይሆን ጣቢያዎቹን በተቀራራቢ ሳምንት ማሰለፍ ነው። «ቲም መግሮ» 6ኛ ደረጃ ደረሰ። የታዋቂ ዘፋኝ ስም ርዕስ ማድረግ ብልጠት ነበር፤ የፕሮግራም ኃላፊው የልጅቷን ስም ቢረሳ እንኳ ዘፈኑን ይጠራዋል።

አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት 39,000 ያህል ነው የተሸጠው። ለአዲስ ሰው ደህና፣ የሚያስጮህ ግን አይደለም። ልዩ የሚያደርገው አለመውረዱ ነው፦ በቢልቦርድ 200 (የሁሉም ዓይነት አልበሞች ሰንጠረዥ) ላይ 5ኛ ደረጃ የደረሰው ከወጣ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ 24 ሳምንት አንደኛ ሆነ። በየጥቂት ወሩ አዲስ ነጠላ ዜማ ከዚያው አልበም እያወጡ አምስት አደረሱት። በመሃል የሌሎችን ኮንሰርት መክፈት፦ በኦክቶበር 2006 ራስካል ፍላትስ ኤሪክ ቸርችን ከጉዞው ሲያሰናብቱት ተተክታ ገባች (ሰውየው የተባረረው ከተሰጠው ደቂቃ በላይ እየተጫወተ ነው፤ ለመክፈቻ ዘፋኝ ሰዓት ማክበር ቀልድ አይደለም)፣ በ2007 ደግሞ ጆርጅ ስትሬት፣ ብራድ ፔይስሊ፣ ቲም መግሮና ፌዝ ሂል። ኖቬምበር 2008 ሁለተኛው አልበሟ «ፊርለስ» ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት 592,000 ተሸጠ። ከ39,000 ወደ 592,000፤ በሁለት ዓመት።


ጆሮ_ያለው

እሺ፣ ጽሑፉን ተቀበልኩ። ገንዘቡስ? ሬዲዮ ላይ በተጫወተ ቁጥር 9.1 ሳንቲም ታገኛለች የሚባለው?


ሂሳብ_ሹም (ለጆሮ_ያለው)

አደባለቅከው። 9.1 ሳንቲም በሬዲዮ ጨዋታ አይደለም፤ ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ለአንድ የተሸጠ ቅጂ፣ ለአንድ ዘፈን (እስከ 5 ደቂቃ) ለጸሐፊውና ለአሳታሚው የሚከፈል «ሜካኒካል» ነው። እስከ 2022 አልተነካም፣ በ2023 ወደ 12 ሳንቲም ከፍ አለ።

ስሌቱን በእጅህ ሥራው። 11 ዘፈን ያለው አልበም፦ 11 × 9.1 = 100.1 ሳንቲም፣ ከአንድ ሲዲ አንድ ዶላር ገደማ ለጽሑፍ ወገን። ነገር ግን በዘመኑ ብዙ የአዲስ ዘፋኝ ውሎች ራሷ የጻፈችውን ዘፈን በ75 በመቶ ታሪፍና እስከ 10 ዘፈን ብቻ ይገድቡ ነበር። ያኔ 9.1 × 0.75 = 6.825፣ በ10 ሲባዛ 68.25 ሳንቲም። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ፣ ከአንድ ዶላር ሢሶው ሄደ። የሷ ውል እንዲህ ነው አላልኩም፤ ፈራሚ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው አንቀጽ ይህ ነው እያልኩ ነው።

ከሌላ ሰው ጋር የተጻፈ ዘፈን ከሆነ ደግሞ 9.1 ለሁለት፣ 4.55። አሳታሚ ካለህና ውሉ 75–25 ከሆነ ወደ ኪስህ የሚገባው 3.41። ከዚያም መጀመሪያ የተሰጠህ ቅድሚያ ክፍያ እስኪመለስ አይደርስህም።

ሬዲዮው የሚከፍለው ሌላ ነው፣ ለጸሐፊዎች በሚሰበስቡት ድርጅቶች፣ በቢኤምአይ ወይም በአስካፕ፣ በኩል የሚመጣ። የአሜሪካ ተራ ሬዲዮ የሚከፍለው ለጸሐፊና ለአሳታሚ ብቻ ነው። ለዘፋኙና ለተቀዳው ድምፅ (ለቅጂው) ባለቤት ምንም! አንደኛ የወጣ ዘፈን የዘፈነ፣ ግን ያልጻፈ ሰው ከሬዲዮው ሳንቲም አያገኝም። «አወር ሶንግ» 6 ሳምንት አንደኛ ሲሆን የጸሐፊው ድርሻ ሙሉ የአንድ ልጅ ነበር። «አባቷ ገዛላት» ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።


ጋሼ_ካሴት

እኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። ዘፋኙ ሌላ ሰው ነው። ሙዚቃ ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ክፍያ ገዝቶ ይጨርሳል። እነዚህ ደግሞ ሦስቱን አንድ ሰው ይዞታል ማለት ነው?


የቅንብር_ሰው (ለጋሼ_ካሴት)

ሁለቱን፣ ጋሼ፤ ግጥምና ዜማን። ቅንብሩ የቻፕማንና የስቱዲዮ ሙዚቀኞቹ ነው። በእነሱ ክሬዲት ግጥምና ዜማ አይለያዩም፤ «ጻፈው» ማለት ሁለቱም ነው።

ከርዕስ ልውጣና አንድ ነገር ልጨምር። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች፣ ሲ ላይ ቢነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። ካንትሪ ዜማ አብዝቶ የሚመላለሰው በነዚሁ አምስት ነው። ጂም ሪቭስ ለጆሯችሁ እንግዳ ያልሆነው አንድም በዚህ ይመስለኛል።


አዲስ_በገና

ጥያቄ ለባለሙያዎቹ። አሁን ናሽቪል ያለች አንዲት የ15 ዓመት ልጅ የራሷን ካንትሪ ዘፈን ብትጽፍ ከየት ትጀምር? ያኔ ሙዚቀኞች ዘፈናቸውን የሚያሰሙበት ድረ ገጽ ማይስፔስ እንደሆነ ሞቷል።


ኖለንስቪል_መንገድ (ለአዲስ_በገና)

መጀመሪያ ብዛት። የአሳታሚ ውል በዓመት 12 «ሙሉ ዘፈን» የመሰለ ግዴታ ይጠይቃል፤ ከአንድ ሰው ጋር የተጻፈ እንደ ግማሽ ስለሚቆጠር ይህ ማለት 24 ነው። ከአምስት ዘፈን ጋር የመጣች ልጅ ገና አልጀመረችም።

ብሉበርድ ሰኞ ማታ ክፍት መድረክ አለው። ሊስኒንግ ሩም ካፌም አለ። የናሽቪል የዘፈን ጸሐፊዎች ማኅበር አባል ከሆነች ዘፈኗን ገምግሞ በጽሑፍ አስተያየት የሚሰጣት ባለሙያ ታገኛለች፤ ብሉበርድን አሁን የያዘውም ማኅበሩ ነው፣ ከ2008 ጀምሮ።

ወረቀት፦ ከቢኤምአይ ወይም ከአስካፕ አንዱ ብቻ። አሳታሚ ከሌላት የስትሪሚንግ ሜካኒካሏን ኤምኤልሲ ከሚባለው ሰብሳቢ ድርጅት በነፃ ተመዝግባ ትሰበስባለች፤ ይህን የማያውቅ ስንቱ ገንዘቡ እዚያ ተቀምጧል። ለዲጂታል ሬዲዮ ሰብሳቢው ሳውንድኤክስቼንጅ ነው፤ እዚያ ለዘፋኙ በቀጥታ 45 በመቶ፣ ለቅጂው ባለቤት 50፣ ለአጃቢዎቹ 5 ነው። ቅጂውን ራሷ ካሠራች 95ቱ የሷ ነው።

እና አንድ ወጥመድ፦ «ዘፈንሽን ወደድነው፣ ለማሳተም ይህን ያህል ዶላር ላኪ» የሚል አሳታሚ አሳታሚ አይደለም። እውነተኛው ይከፍልሻል እንጂ አያስከፍልሽም።

15 ዓመቷ ስለሆነ ወላጅ ብቻ ቢፈርም አይበቃም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው ውል ኋላ ሊፈርስ ስለሚችል ቁም ነገረኛ ድርጅት ውሉን በፍርድ ቤት ማጸደቅ ይፈልጋል። የራሷ ጠበቃ ይኑራት፤ የድርጅቱ ጠበቃ «አይዞሽ እኔ አለሁ» ቢል አትስማው።


ስድስት_አውታር

በ15 ዓመት የተፈረመ ውል ከተነሳ፣ የዚህችኛዋ እንዴት እንደተመለሰ ሳይነገር አይዘጋም። የ2005ቱ ውል ለ6 አልበም ነበር፣ የቅጂዎቹ ባለቤት ድርጅቱ። በኖቬምበር 2018 አለቀ። በጁን 2019 ቢግ ማሺን ለሙዚቃ ነጋዴው ለስኩተር ብራውን ድርጅት ተሸጠ፤ ስድስቱ ቅጂ አብሮ ሄደ። በኖቬምበር 2020 ደግሞ ቅጂዎቹ ሻምሮክ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጡ።

እንደገና መቅዳቷ ጉልበት ያገኘው ጸሐፊዋ ስለሆነች ነው። ቅጂው የሰው ነው፣ ግጥምና ዜማው ግን የሷ። ውሉ እንደገና መቅዳትን የከለከለበት ጊዜ ሲያበቃ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት አልበሞች ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ፣ ስቱዲዮ ገባች፤ ኤፕሪል 2021 «ፊርለስ» በአዲስ ቅጂ ወጣ። ለፊልምና ለማስታወቂያ የሚፈልግ ሰው ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የቅጂውና የጽሑፉ። በሁለተኛው እምቢ ስትል አሮጌው ቅጂ ለገዢው ዋጋው ይወርዳል። በሜይ 2025 ስድስቱንም ገዝታ መለሰች።

ሌላ ሰው የጻፈላት ዘፋኝ ብትሆን እንደገና መቅዳት ትችል ነበር፤ ለፊልምና ለማስታወቂያ እምቢ የማለቱ ሥልጣን ግን የጸሐፊዎቹ ይሆን ነበር።


ጆሮ_ያለው

ተሸነፍኩ፤ 3 በመቶውን ግን አልተውም። @የቅንብር_ሰው፣ ያችን 1 6- 4 5 ካፖ 5ኛው ላይ አስሬ ስሞክር ሲው ሹል ሆነብኝ፤ ጊታሩ ነው?


የቅንብር_ሰው (ለጆሮ_ያለው)

ካፖው ነው። ከፍሬቱ ሽቦ ራቅ አድርገህ አስረኸዋል ወይም በጣም አጥብቀኸዋል፣ ክሩ እየተጎተተ ድምፁ ይወጣል። ከ5ኛው ሽቦ ጀርባ ጠጋ አድርገው፣ ላላ አድርገው፣ ካሰርክ በኋላ እንደገና ቃኘው። ያኔም ሹል ከሆነ ክሮቹ አርጅተዋል።